የያዘች ትቁም

ደጊቱ፣ ነይ ግቢ፤ ቆሎሽን አስቀምጪ፣
ከግንቡ ጥግ አድርጊው፣ ጫማሽን ለውጪ፤
አውቶቡስ እስኪደርስ ገና ጊዜ አለሽ፣
ጣርማበር ላይ ሆኖ ጉም ነው የያዘልሽ።

ስሙ ኔትቦል ነው። ባማርኛ እንጥራው ቢባል
«መረብ ኳስ» ነበረ፣ ያንን ግን ቮሊቦል
ቀድሞ ወስዶታል፤
ስለዚህ እኛ ዘንድ እንዳመጣጡ ኖሯል።

ሜዳውን አትናቂው። በደብረ ሲና ላይ
ደልዳላ ብትፈልጊ፣
አንድ ያስፋልቱ ወገብ፣ ሁለት ይህ አይደል ወይ?
ኳስ ካመለጠችሽ ቁልቁል ነው መንገዷ፣
አርማኒያ ድረስ ነው የመዝለል ልማዷ፤
ባለፈው ዓመትማ አንዷ እንደወረደች
ሮቢት ደረሰችና እዚያው አግብታ ቀረች።

ያ ቀለበት ድሮ የናፍጣ በርሜል አፍ ነው፣
ጋሽ ሸዋንግዛው ነው ሌሊት የበየደው፤
ምሰሶው ቧንቧ ነው፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር፣
በዚያ ላይ ሦስት ጣት ለምርቃት ይጨመር።
እንደ ቅርጫት ኳሱ ሰሌዳ የለውም፣
የሳተችን ኳስ መልሶ አይሰጥሽም፤
ከጀርባው ጉምና ገደል ነው፣ ሌላ የለም፣
ወይ ቀለበቱን ነው፣ ወይ ደግሞ ምንንም።

ሰባት ሰባት ነን። ይኸው ሰባት ሴቶች፣
የዱቄት ማዳበሪያ የለበስን እመቤቶች፤
ደረታችን ላይ ፊደል ሰፍተንበታል፣
ፊደሉ የት መቆም እንዳለብሽ ያውቃል።
ሜዳው ሦስት ሲሶ ነው፣ እንደ ድሮ መሬት፣
ከሲሶሽ ካለፍሽ ፊሽካ አለው፣ ልብ በይበት።
«ጠ» ማለት ጠባቂ፣ ከጓዳዋ አትወጣም፤
«መ» መሐለኛዋ፣ የማትረግጠው የለም፣
ከሁለቱ ቅስቶች ውስጥ በቀር፤ እዚያማ
የምታገባው «አ» ናት፣ ከረዳቷ ጋር ተስማምታ።

አሁን ዋናውን ስሚ። አይቼሻለሁ
አውቶቡስ ስትከተይ፤ ነፋስ ነሽ፣ አውቃለሁ፤
እዚህ ግን፣ ይቅር በይኝ፣ እግርሽን አስራለሁ።
ኳስ የያዘች ትቁም፤ ያልያዘችው ትሩጥ፤
ያረፈው እግርሽ እንደ ካስማ ይቀመጥ፣
ሌላው ዙሪያውን ይዙር፣ እንዳውድማ በሬ፤
መሬት ማንጠር የለም፣ እንዳትጀምሪ ዛሬ።
ሦስት ሰከንድ አለሽ፤ ከዚያ ፊሽካ ይነፋል፤
ለሌላው ጥቂት ነው፣ ላንቺ ግን ይተርፋል፦
ቆሎውን በመስኮት ለሰው አቀብለሽ
ብሩን እስክትይዢ ስንት ሰከንድ አለሽ?
ከባላጋራሽም ሦስት ጫማ ራቂ፣
አትግፊ፣ አትንኪ፣ በእጅሽ ብቻ ጠብቂ።

ወንዶቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው ሳቁ፣
«ቆሞ ደሞ ጨዋታ?» እያሉ ጠየቁ፤
አንዱን አስገባንና ኳስ ብናስይዘው
አራት ርምጃ ሮጠ፤ ፊሽካ አቆመው።

*

ይህን ሁሉ ያልኳት በኅዳር አጋማሽ።
በመጋቢት መጡ ሮቢቶች፣ ጋቢ ለባሽ፣
ብርዱን እየረገሙ። ኳስም ይዘው ነበር፤
ስፌቷን አይቼ አወቅኋት፤ ዝም አልኩ፣ ለክብር።

አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሳለን ጉሙ መጣ፣
ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሜዳችን ላይ ወጣ፤
ቀለበቱ ጠፋ፣ ዳኛውም ድምፅ ሆነ፣
ጋቢና ማዳበሪያው አብሮ ተከደነ።
ኳስ ደጊቱ እጅ ናት።
አንድ። እግሯ አልተነቀለም።
ሁለት። ይመኙሻል «እዚህ!» አለች፤ አትታይም።
ሦስት ሳይባል ሰጠች፣
በዚያ በመስኮት እጇ፣ ለድምፅ አቀበለች።

ከዚያ የበርሜሉ ብረት ቅል ሲል ሰማን።
ገባች? ነክታ ወጣች? ማን ይመስክር፣ ማን?
ጉሙ ሲገፈፍ ኳስ የለም። ሁለቱ ዳኞች
ይከራከራሉ፤ እኛና እንግዶች
ቁልቁል ገደሉን አይተን በሳቅ ሞትን፣
«መንገዱን ታውቀዋለች» አልኩኝ፣ ሆዴን ይዤ አሁን።

ወዲያው ካስፋልቱ ላይ የላዩ መኪና
ጥሩምባውን ነፋ፣ ወርዷልና።
ደጊቱ ግን ያን እግሯን እንደተከለች፣
ባዶ እጇን አሳይታ፣
«መምህርት፣ አልያዝኩም። አሁን ልሩጥ?» አለች።