የሌዮ ጥዶች

መጋዙን ያዋስኳት እኔ ነኝ፤ አልክድም፤
ለምን እንደሆነ ግን ያን ዕለት አልነገረችኝም።
«ነዳጁን እሞላለሁ፣ ጥርሱንም እሞርዳለሁ» አለች፤
የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች ደጄ ላይ ቆመች።
ሌዮ ከተቀበረ በረዶው ገና አልቀለጠም፤
ልጇ ግን ኦማሃ ቀልጦ ቀርቷል፣ ስልኳ እንኳ አይጮኽም።

ሌዮ በተጋቡ ዓመት ነው ጥዶቹን የተከላቸው፤
አራት መቶ ችግኝ፣ ከወረዳው በነጻ የታደላቸው፤
በባልዲ ውሃ ተሸክሞ አንድ በአንድ ያጠጣቸው፤
የኔብራስካ ነፋስ ቤቷን እንዳይነካ፣ እንደ አጥር ያቆማቸው።

ጥድ መልካም ዛፍ ነው፤ ጥድን ማን ይጠላል?
ጥላ አለው፣ ሽታ አለው፣ በበረዶም ይለመልማል።
ግን ወፍ ፍሬውን በልታ ኮረብታው ላይ ስትጥለው፣
ዘሩ ሣሩን ረግጦ ፀሐዩን ለብቻው በላው።
በሃምሳ ዓመት ግጦሹ አረንጓዴ ጨለማ ሆነ፤
ሌዮ ከብቱን ቀነሰ፤ ሰው ግን «ደን አለህ» እያለ አመሰገነ።

ደብተሩን አገኘችው፣ ከከብት መርፌ ሣጥን ስር፤
ዝናብ ስንት፣ ጥጃ ስንት፣ የበቆሎ ዋጋ በዶላር፤
በየሚያዝያው ግርጌ ደግሞ አንድ ቁጥር፣ በእርሳስ ብቻ፦
የሜዳ ቆቅ፣ ወንዶቹ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በመጨፈሪያቸው ዳርቻ።
ሠላሳ አንድ።
አሥራ ዘጠኝ።
ሰባት።
ከዚያ ዜሮ፤ ዜሮ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ዜሮ፤
እሱ ግን በየጎሁ ሲሄድ፣ ሲያዳምጥ ኖሮ!

ለካ ያ ወፍ ረጅም ነገር ባለበት ሜዳ አይተኛም፤
ዛፍ ላይ ጭልፊት ይቀመጣል፤ ከጭልፊት ስር እንቁላል አይጣልም።
ሌዮ ይህን ያውቅ ነበር? ጠየቅኳት፤ አሰበች፤
«ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር» አለች። ቆይታ፣ «ላይነግረኝም ይችላል» አለች።

ቆረጠች። ሁለት የበረዶ ወራት ቆረጠች።
እኔ በትራክተር ጎተትኩ፣ እየተነጫነጭኩ።
የጥድ ልቡ ቀይ ነው፤ ሽታው ከልብሴ አልወጣ አለ፤
ሚስቴ «ሣጥን ሠሪ ሆንክ ወይ?» አለች፤ ቀልዷ አንጀቴ ውስጥ ዋለ።

የመጨረሻዋ ጥድ ከማድ ቤቱ መስኮት ፊት ነበረች፤
«ይቺን እንኳ ተያት» አልኳት። «ጭልፊቱ አይተዋትም» አለች።
ወደቀች።
ነፋሱ ያን ምሽት፣ እንደ አበዳሪ፣ ሳያንኳኳ ገባ፤
መጋረጃውን ገልጦ፣ ወንበሮቹን ዞሮ፣ ከሌዮ ኮት ጋር ተግባባ።

በመጋቢት አቃጠልነው። ጎረቤት ሁሉ ውሃ ይዞ መጣ፤
እሳቱ ሲሮጥ ዝም ያለ ነበር፤ የሚራገምም አልታጣ።
በበጋው እሾህና የዱር ሱፍ ብቻ በቀለ፤
በእህል ጎተራው ደጅ «አሮጊቷ አበደች» ተባለ።
እኔም ብያለሁ። እዚህ ላይ ልናዘዝ።
በማግስቱ ዓመት ግን፣ አፈር ውስጥ አድፍጦ የኖረው፣
ማንም ያልዘራው ሣር፣ ቀይ ዛላውን እስከ ወገቤ አወጣው።

ሦስተኛው ሚያዝያ። ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። «ና» አለች፤ ዘጋች።
መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሞተሩን አጥፍታ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።
ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሰው እንደሚነፋ፤
አንድ ወንድ ቆቅ፤ አንገቱ ብርቱካን የዋጠ መስሎ ተነፋ፤
መሬቱን በእግሩ ደለቀ፣ ዞረ፣ ሴት የለችም፣ ደግሞ ለፋ።

አልቪና አላለቀሰችም። ደብተሩን ከጭኗ ላይ ገለጠች፤
የእርሳሱን ጫፍ በምላሷ አራሰች፤
ከሌዮ የመጨረሻ ዜሮ ስር፣ ጠመም ባለ ጽሕፈቷ፦
አንድ።
ቀጥሎም፣ ዓምዱ ባዶ እንዳይቀር፦
ዝናብ፣ የለም።