ለከርሞ

ቤቱን መች አየነው? መስኮቱን ነው ያየን፣
ጉንቮር፣ አሻሻጯ፣ ጉዱን ስትነግረን፦
ጣራው እንደሚያፈስ፣ ወለሉ እንደላሸቀ፣
ቧንቧው በሰው ዕድሜ ጡረታ እንደጠየቀ።
ወይንሐረግ አትሰማም፣ ዓይኗ ሄዷል ማዶ፣
ሲልያን ሐይቅ ላይ፣ ከቀረው በረዶ።
«ቤት ይታደሳል» አለች፣ «ሐይቅ ግን አይሠራም፤
ማድቤቱ ለከርሞ፣ ለከርሞ ነው ጣራም።»

ፈረምን።

ከርሞ እየደረሰ ዘንድሮ እየሆነ፣
ሰባት ክረምት ሙሉ ባልዲ እኛን አዳነ።

አናጢው ሲመጣ፣ የሬትቪኩ ቶርስተን፣
«አስቀድሜ መስኮቱን ላስፋላችሁ» ሲለን፣
ቀለሙን ፋቅ ቢያደርግ ከመቃኑ እንጨት ላይ
የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ፣ ቀን ከቀን በላይ፦
ሐይቁ የተከፈተበት፣ በየዓመቱ፣
በማናውቀው ሰው እጅ፣ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው፦
«አፕሪል ሃያ ዘጠኝ። ብቻዬን አየሁት።»

ቶርስተን መጋዙን አስቀመጠ።
ውጭ፣ የመጨረሻዋ የበረዶ ስባሪ
ጠዋት እንደሄደች አልተመለሰችም።
ወይንሐረግ ከጆሮው ላይ እርሳሱን ወሰደች፣
ከሥሩ፣ በኛ ፊደል፣ በኛ ቀን ጻፈች፦
«ሚያዝያ ሃያ አንድ። ሁለት ሆነን።»

መስኮቱ ጠባብ እንደሆነ ይቅር አልን።
ቶርስተን መሰላሉን ይዞ
ወደ ጣራው ወጣ።