በእሷ አፍ

አቃቂ፣ ከፈትል ፋብሪካው አጥር ጀርባ፣
ክረምት ሲገባ ወንዙ ሳይጠሩት ቤት የሚገባባት
አንዲት ባለ ቆርቆሮ ጠጅ ቤት ነበረች፤
ስም አልተጻፈባትም፣
ሁሉም «ላቀች ጋ» ይላታል።

ላቀች ደርሰህ።
በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች፣
በአሥራ አራት አመለጠች፣
በጭነት መኪና፣ በሽምብራ ጆንያ መሀል ተሸሽጋ፣ ከምንጃር።
ቀን ክር ታጠነጥናለች፣ ማታ ክራር ትቃኛለች።
ሁለት ባል ፈታ፣ አንዱን ቀብራ፣
አንድ ካሴት አስቀረጸች፤
ሽፋኑ ላይ ፀጉሯ ጎፈሬ፣ ዓይኗ ወዲያ።
ገንዘቡን ሙዚቃ ቤቱ በላው።
«ድምፄን ግን ጥርሱ አልቻለውም» ትላለች፣ እየሳቀች።

አረንጓዴ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ።
ሜትሬ አንገቴ ላይ፣ መርፌዬ ከንፈሬ መሀል፤
አፉ መርፌ የያዘ ሰው
ወሬ አይጠየቅም።

ቅዳሜ ማታ የጥጓ ጠረጴዛ የኛ ናት።
ልዑልሰገድ፣ ባቡሩ ከቆመ ወዲህም
የትኬት መቁረጫውን ከኪሱ ያላወጣ፤
መኩሪያ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሰዓቱን እያየ የሚጠጣ፤
ኢዮስያስ፣ ከገላን ድረስ በእግሩ የሚመጣ፤
እና እኔ።
ለሚያየን ዕቁብተኞች ነን።
የምናዋጣው ዝምታ ነበር፣
በየተራ የሚደርሰን።

አማርኛ ለኛ ዓይነቱ ሰው ዘበኛ ነው፤
እያንዳንዱ ግሥ በር ላይ ያስቆማል፣
«ማንን ነው? እሱን ነው? እሷን ነው?» ብሎ ኪስ ይፈትሻል።
«ናፈቅሽኝ» እያልን አደግን፣ ለሌለች ሴት፣
በደብዳቤ፣ በሠርግ ቤት፣ በወንድሞቻችን ፊት፤
«ሽ» በአፋችን ውስጥ
እንደ ተውሶ ጥርስ እየተንቀሳቀሰች።

ላቀች ስታዜም ግን፦
«ጎረቤት ሳያይህ በጓሮ ብትመጣ፣
ውሻዬም ለመደህ፣ ጩኸቱንም አጣ»፣
ቤቱ ሙሉ ይቀበላታል፤ ሾፌሩ፣ ሸማኔው፣ ፖሊሱ ሳይቀር።
እኛም አብረን «አንተ» እንላለን፣
ጮክ ብለን፣ ደረታችንን ከፍተን።
ማን ይከሰናል? ግጥሙ የሷ ነው።
በእሷ አፍ
እውነቱን ተናግረን ወደ ቤታችን እንገባለን።

አንድ ማታ ኢዮስያስ አለቀሰ።
ከጎን አንዱ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው
እንደ ሴት የሚነፋረቀው?» አለ።
ክራሯን አቆመች።
«እንደ ሴት ማልቀስ ቀላል መሰለህ እንዴ?
እኔ ሠላሳ ዓመት ተለማምጄ
ገና አልቻልኩበትም።»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውየውም ሳቀ።
ልንወጣ ስንል በጆሮዬ፣
«በድልድዩ አትሂዱ ዛሬ። በፋብሪካው በኩል፤
ዘበኛው የክርስትና ልጄ ነው።»

ጠይቃን አታውቅም።
ቀሚሱ ባለቀ ሌሊት፣ ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ፣
«ልለካው» ብዬ፣ ለራሴ እየዋሸሁ፣ ለበስኩት።
ትከሻው ላይ ጥቂት ተረተረ፤ መልሼ ሰፋሁት።
በማግስቱ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።
«ትከሻው ሰፍቷል» አለች።
መርፌ ላነሣ ስል እጄን ያዘች፤
«ተወው። አይጠበብ።»

ሐምሌ ላይ ሞተች።
የዕድሩ ድንኳን ወንዶቹን አግዳሚ ላይ፣
ሴቶቹን ምንጣፍ ላይ ደልድሎ ተቀመጠ፤
እኛ አራታችን
ከገመዱ ሥር ቆምን፣ ዝናቡ ትከሻችን ላይ።
አልቃሿ ቃል አለቀባት።
ምንጃር ሩቅ ነው፤ ስለ ላቀች የሚያውቅ ዘመድ የለም።
«የሚላት የለም?» አለች፣ «የሚያውቃት የለም?»

ወንድ ሙሾ አያወርድም።
መኩሪያ ሰዓቱን አላየም።
መርፌዎቼን ከአፌ አውጥቼ
ኮቴ ላይ አንድ በአንድ ሰካኋቸው፤
«ናፈቅሽኝ» አልኩ።
«ናፈቅሽኝ፣ ላቀች።»
በዕድሜዬ መጀመሪያ ጊዜ
«ሽ» ከአፌ ስትወጣ
አልዋሸሁባትም።