ብሩነር ሠላሳ አንድ፣ ባይከዳኝ ሁለት

ገደል ባቀፈው መንደር፣ በዚህ በኡሪ ሸለቆ ዳር፣
የፖስታ ሣጥኑ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ብሩነር።
ብሩነር ዳቦ ጋጋሪው፣ ብሩነር የጥርስ ሐኪሙ፣
ብሩነር የሞቱቱ፣ ብሩነር የታመሙ።
እኔ፣ በቢጫ ሞተሬ ደብዳቤ የማድለው፣
ስሙን አልፌ ሰውየውን ነው የማነበው፦
የአይቡ ብሩነር አለ፣ የጣሪያው ብሩነር አለ፣
ደግሞም ባለ ሁለት ውሻው፣
በአጥር ከወንድሙ ተጣልቶ ስሙን ሊቀይር የማለ።

ሁለት ያኮብ ብሩነሮች አሉ፣ በር ለበር።
ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር
የአንዱን የሆስፒታል ሒሳብ ለሌላው ሰጥቼው፣
ዝም ብሎ ከፍሎት ነበር።
በኋላ ይቅርታ ስለው፣ "ያው ብሩነር ነው" አለኝ፣
ሣሩን ማጨዱን ሳይተው።

ከላይኛው ቤት ያሉት አሮጊቷ ቬሬና፣
የአደራ ደብዳቤ ሲፈርሙ፣ መነጽር ጠፍቶ እንደገና፣
አጫወቱኝ፦ "ከጥዱ ሥር ምንጭ ነበረ ድሮ፣
የመጀመሪያው ሰውዬ እዚያ ጎጆ ቀልሶ አድሮ፣
'የምንጩ ሰው' አሉት፤ ልጁንም 'የምንጩ'፤
ከዚያ ወዲያ ማን ቆጥሮ፣ እንደ ውሃው ተረጩ።"
"ምንጩስ?" አልኳቸው።
"ምንጩማ ደረቀ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ።
ስሙ ነው የሚፈሰው።"

"ያንተስ ከየት ፈለቀ?" አሉ፣
የደረቴን ጽሑፍ በጣታቸው እየቆጠሩ፣
"ስንትስ ናችሁ ባገሩ?"
ሁለት፣ አልኩ። እኔና ልጄ። ሚስቴ የአባቷን ትጠራለች።

ያባቴ እናት ከአባቴ በፊት አራት ልጅ ቀብራለች።
አምስተኛው ሲመጣ፣ ስም አውጪ ቢሏት ፈራች፤
ስም ያለው ሁሉ ተጠርቶባታልና፣
የልመና ጫፍ ሰጠችው፦ ባይከዳኝ።
ባይከዳኝ ምን? ምናለ? ምን እሰጥ ነበር?
አልጨረሰችውም፤ ቀሪውን ለሰሚው ተወችው።
እሱም አልከዳት፤ በሰባ ዓመቷ በወግ ቀበራት።
ይህን በጀርመንኛ እንዴት ልበል? ሰዋስው ከዳኝ።
"ያልተፈጸመ ዐረፍተ ነገር ነው" አልኳቸው፣
አሮጊቷም ብዕሩን ይዘው ቆዩ፣
እሳቸው የሚጨርሱት ይመስል።

ባገራችን ስም መሰላል ነው፤ ልጅ አባቱን ይረግጣል፣
አያት አንድ እርከን ይወርዳል፣ ቅድመ አያት ሣር ውስጥ ይጠፋል።
እዚህ ግን የመዝገብ ጸሐፊዋ፣ ሶስና በተወለደች ሳምንት፣
"የቤተሰብ ስም?" ብላ ጠየቀች።
"የለንም" ብላት፣ "ይኸው" አለች፣
የመታወቂያዬን ሁለተኛ ቃል በጥፍሯ ነክታ፣
ሶስና ባይከዳኝ ብላ ጻፈች።

እኔ ዘሪሁን እባላለሁ።
ዘር እንድሆን ነበር የአባቴ ምኞት።
በአንድ መስመር ቀለም ተዘለልኩ፤
ዘር የሆነው እሱ፣ እኔ ደብዳቤ አመላላሽ።
አልዋሽም፣ አንድ ክረምት ቅር ብሎኝ ከርሟል።

ትናንት ከጥርስ ሐኪሙ፣ ከብሩነር፣
ለሷ ደብዳቤ መጣ፤ የመጀመሪያዋ ነው።
የገዛ ቤቴን እንደ እንግዳ ደወልኩ፤
"ለወይዘሪት ባይከዳኝ። እባክዎ እዚህ ይፈርሙ።"
ሰባት ዓመቷ ነው። በኛ ፊደል ልጻፍ አለች፣
ምላሷን ነክሳ፣
ባ... ይ... ከ... ዳ... ብላ ቆመች።
"አባ፣ የቀረው ማነው?"
(ፊደል ማነው አይባልም፤ አላረምኳትም።)
"ኝ" አልኳት።
"ኝ" አለች፤
ጻፈችኝ።