ከታቦር ግርጌ

ሐኪሙ ያለኝ «እስከ መንገዱ ጥግ፣ በቀን አንድ ጊዜ፤»
እኔ ግን ከዳን ተነሣሁ፣ በግማሽ ሳንባ፣ በግማሽ ትካዜ።
ድንጋይ ላይ የተቀቡ ሦስት መስመሮች፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣
መሩኝ ዘጠኝ ቀን።
በዐሥረኛው ትኩሳቱ መጣ፣ እንደ ቀረ ዕዳ፤
ሺብሊ መግቢያ፣ ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ጉልበቴ ከዳ።

የትራክተር ድምፅ። አንድ ጎረምሳ ወርዶ ኮዳዬን ነቀነቀ፤
ባዶ ነው። ከማዳበሪያው ጆንያ ጎን ጭኖኝ ዘለቀ
እስከ እናቱ ደጅ።

ናይፋ ዐረብኛዋን፣ እኔ አማርኛዬን ወደ ጎን አድርገን፣
በተዋስነው ዕብራይስጥ፣ እየሰበርን፣ እየጠገንን፤
«ማነህ?» አላለችኝም፣ «ከየት?» አላለችኝም፣
«ሎሚ ይጨመር?» ብቻ። ጨመረች፤ መልሴን አልጠበቀችም።

ሦስት ሌሊት ሳሎኗ ውስጥ፣ ከራስጌዬ የልጇ የሠርግ ፎቶ፣
ካልሲዬ ማሞቂያው ላይ፣ እንደ ቤተኛ ካልሲ ተሰጥቶ።
ሌሊት እኔ ስስል፣ እሷም ከወዲያኛው ክፍል ትስላለች፤
ሳል የለባትም፤
«አለሁ፣ ነቅቻለሁ» እያለች።

በአራተኛው ቀን ላብ አራሰኝ፤ ተራራው በመስኮት ታየ።
ታቦር። ስሙን ከተወለድሁበት፣ ከደብረ ታቦር፣
በልጅነቴ ይዤው መጣሁ፤
ባለቤቱ እዚህ ቆየ።

ልሄድ ስል ገንዘብ ዘረጋሁ፤ ጣቶቼን መልሳ አጠፈቻቸው።
«በእናንተ ቋንቋ ለዳነ ሰው ምን ይባላል?» አለች።
«እንኳን ማረህ።»
ደገመችው፤ «ማራህ» ላይ ተሰናከለች፤
ሳቀች። ሳቅሁ። ሳቄ ሳል ሆነ፤

እሷም ሳለች።