ሁለት ጣት

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ የጡብ ግድግዳው ላይ፣
በጋውን ሙሉ አንዲት ሴት መሰላል ላይ ቆማ ስትታይ፣
የሃርገን ሰው ተገረመ፦ "ለማን ይሆን ይሄ ሁሉ ቀለም?
መጋዝ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ፣ በመንገዳችን የሚያልፍ የለም።"
ከንቲባው ግን ቆርጧል፦ "ታሪካችን ይሣል፤
ቱሪስት ሲመጣ ሳንድዊች ይበላል፣ ቤንዚን ይቀዳል።"

ዴልፊን ነው ስሟ፤ ከወንዙ ማዶ ሰፈር የመጣች፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ሻጋታ የበላው ፎቶ አወጣች።
መጀመሪያ ዝግባውን ሣለች፣ ዐሥር ሰው ተያይዞ የማያቅፈውን፤
ቀጥሎ ግንድ ጎታቹን መርከብ፣ ጢሱ ደመና የሚገፋውን፤
ከዚያ ካርታር ሲንግን፣ ጥምጥሙ ላይ ብናኝ እንደ በረዶ ያረፈበት፤
ከዚያ የኦካሞቶን ልብስ ማጠቢያ፣ ባለቤቶቹን በጦርነቱ ወስደው፣ በሩ የታሸገበት።
(እዚህ ላይ ከንቲባው ትንሽ አሳለ፤ ዴልፊን አልሰማችም፤
ወይም ሰምታ ይሆናል፤ የማሸጊያውን ሰም ግን አልቀነሰችም።)

በመጨረሻ የሥራ ማቆም አድማው፤ የሃምሳ ሁለቱ ክረምት፤
በርሜል ውስጥ የሚነድ እሳት፣
ዙሪያውን ወንዶች። ከፊት ቬይኮ ላህቲነን፣ ግራ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣
አምስቱም ጣት እንደ ማራገቢያ ተከፍቶ።

ሄልሚ መጣች፣ በዘጠና አንድ ዓመቷ፣
የጎረቤት ልጅ እየገፋላት ባለጎማ ወንበሯን።
ባሏን አየችው። ዝም አለች። ሰው ሁሉ መሐረብ ሊያቀብል ሲዘጋጅ፣
"ይሄ" አለች፣ "የማን እጅ?"

"ጉንጩ የሱ ነው፣ እሺ፤ ኮፍያውም የሱ ነው፤
እንዲህ ያለ እጅ ግን የነበረው፣ ከተጋባን እስከ ስድስት ወር ነው።
የቀለበት ጣቱንና ትንሿን፣ በአርባ ዘጠኝ መጋዝ ወስዷቸዋል፤
ቀለበቱንም ሦስት ቀን ብናኝ ነፍተን አጥተነዋል።
አድማውስ ቢሆን፣ ለሃያ ሳንቲም ጭማሪ መች ነበረ?
መጋዙ መከለያ ይበጅለት ብለው እንጂ። ይሄን ፎቶው መች ተናገረ?"

"ፎቶው ላይ ጓንት አድርጓል" አለች ዴልፊን፣ አንገቷን ደፍታ።
"ባዶዎቹን ጣቶች እኔ ነኝ በጥጥ የምሞላቸው፣ ሁልጊዜ እሑድ ማታ።
አንሺልኝ ልጄ፤ ሲያምር እንጂ ሲዋሽ አልወደድኩትም፤
ባሌ ጣት ሰጠ እንጂ፣ ለማንም እጁን አልሰጠም።"

ከንቲባው መሃል ገባ፦ "እመቤት፣ ሥዕል እኮ ነው፤ ምን ቸገረዎ?"
"ሃምሳ ዓመት የተኛሁት በሦስቱ ታቅፌ ነው፤ ገባዎ?"

ዴልፊን መሰላሉን ወጣች።
ወደ ማታ ነበር፤ ነፋስ ነበር፤ ግራጫው ላይ ሰማያዊ ጠብ አደረገች፣
በትንሿ ጣት ቦታ ሰማይ ቀባች።
"ዝቅ!" አለቻት ሄልሚ ከታች፤ "ከአንጓው አይደለም፤ ከሥሩ ነው።"
ዝቅ አለች። ደግሞ ሁለተኛውን።
ወንበር ገፊው ልጅ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣
ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ማንም ሳያየው ተደብቆ።

አሁን ሄልሚ የለችም። አውቶቡስ አልፎ አልፎ ይመጣል፤
"ሠዓሊዋ እጅ መሣል አትችልም እንዴ?" ብሎ ቱሪስት ይስቃል።
ዳቦ ጋጋሪው፣ እንደ ቀኑ ሁኔታ፣ ይመልሳል ወይም ይተዋል።
የባሕር ዝናብ ግድግዳውን ልሷል፤ መርከቡ ጢሱን ጨርሷል፤
ሰማዩም እየገረጣ ጡቡን መስሏል።
ሁለት ጣት ያህል ሰማይ ብቻ፣ ኋላ የተቀባች ስለሆነች፣
ዝናቡ ገና አልደረሰባትም፤ ጠዋት ጠዋት ቀድማ ትነጋለች።