አሥራ ሰባት ኪሎ

አሸዋ ሜዳ ላይ፣ ከታክሲው ሰልፍ ማዶ፣
ልጁ ተቀምጧል ሚዛኑን አጥምዶ።
ስሙ ምሕረቱ ነው። «አምስት ብር ነው ጋሼ፣»
አለኝ፤ ወጣሁበት
ቦርሳዬን እንደ ካባ ለብሼ።

መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ሰማንያ አንድ ገባች፤
ቦርሳውን ሳወርደው ስልሳ አራት ላይ ረጋች።
«አሥራ ሰባት ኪሎ!» ምሕረቱ ሳቀብኝ፣
«ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለኝ።

ዘርይሁን አልሳቀም።
መሬት ለኪ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ
ወጨጫን የሚያውቀው ከነገደሉ፣
የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ የቆረጠ፣
ከፎጣው እኩሌታ ለጎረቤት የሰጠ።
«ክፈተው፣» አለኝ። ከፈትኩት።
እዚያው አስፋልት ዳር፣ አላፊ አግዳሚ እያየኝ፣
የቤቴን ገመና ዘረገፍኩት።

ድስት ከነክዳኑ።
የአባቴ ባትሪ፣ ባለ ሦስት ድንጋይ፣ የማይበራ።
ሽንኩርት ከነአፈሩ። ጃንጥላ።
ቢላ፤ ቢላው ቢጠፋ ሌላ ቢላ፤
እሱም ቢጠፋ ብዬ ሦስተኛ ቢላ።

«ይሄስ?»
«ለዝናቡ።»
«ይሄስ?»
«ምናልባት ለጅቡ።»
«ይሄኛውስ?»
«እሱን እንጃ። ሁሌም ይዤው ነው የምሄደው።»
«ላም ቀንዷ አይከብዳትም፣» አልኩት ለመከራከር።
«የራሷ ቀንድ! አንተ የመንጋውን ሁሉ
ተሸክመህ ነው የምትዞር።»

ድስቱ፣ ጃንጥላው፣ ቢላዎቹም በተራ
ገቡ አልጣሽ ሱቅ፣ ከሳሙናው ካርቶን ሥር፣ በአደራ።
ካስማዎቹን ቆጠረ፤ ከአሥሩ አራት መለሰ፣
«ስድስት ይበቃሃል።»
ጋቢዬን ግን አንስቶ በእጁ መዘነና
አንዴ አሽትቶት ብቻ መልሶ አጠፈው።
የቀረኝ፦ አንድ ጣሳ፣ አንድ ሸራ፣
በሶ በፌስታል፣ ሚጥሚጣ በደረሰኝ ወረቀት።

«ሰባት ተኩል! አሁን ሰው ሆኑ፣» አለ ምሕረቱ፤
ሌላ አምስት ብር ተቀበለኝ ለምሥራቹ።

ከመናገሻ ሽቅብ፣ በጽዱ ጥላ ውስጥ፣
ትከሻዬ ግራ ገባው፤
ራሱን የት እንደሚያኖር ጠፋው።
ለካ ወፍ የሚጮኸው በየሃያ እርምጃው ነው!
ስንቴ አልፌዋለሁ ይህን ዳገት
የገዛ ትንፋሼን ብቻ እየሰማሁ።

አመሻሹ ላይ አስታው መሐል ሸራውን ወጠርን።
በሶውን በጣሳ ጨብጠን በላን።
ማዶ አዲስ አበባ መብራቷን ዘርግፋለች፤
እሷም እንደኔ ጠዋት
ያላትን ሁሉ አስፋልት ላይ።
ማን ይሆን ቆሞ «ይሄስ?» የሚላት?

እኩለ ሌሊት ላይ ነፋሱ መጣ በሆለታ በኩል።
አንዱ ካስማ ከድንጋይ ተላትሞ ተሰበረ፤
የሸራው ጥግ ፊቴን በጥፊ ይለኝ ጀመረ።
ሰባተኛ ካስማ? አልጣሽ ሱቅ ነው ያለው።
ዘርይሁንን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል፣
ግን አያንኮራፋም፤
ያፈረ ሰው እንዲህ ነው የሚተኛው።

ኪሴን ዳበስኩ።
ቁልፍ።
ረጅም፣ የድሮ፣ አናቱ ቀለበት፤
የጌጃ ሰፈሩን ቤት በር የምከፍትበት።
ቤቱ ከፈረሰ አራት ክረምት አለፈው፤
በሩን ቆርቆሮ ለቃሚ በኪሎ ወሰደው።
ቦርሳው ውስጥ አልነበረም ቁልፉ ሲመዘን፤
ከስልሳ አራቱ ውስጥ ነበር፣
እንደ ጉበቴ፣ እንደ ጉልበቴ ተቆጥሮ።

ገመዱን በቀለበቱ አሾለክሁ፣
በድንጋይ መትቼ እስካንገቱ ቀበርኩት።
ሸራው ተወጠረ። ነፋሱ ውጭ ቀረ።
ከጋቢው ሥር ሆኜ ሰማሁት
ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋ፣ ሲገፋ፤
አልከፈተም።

በማግስቱ አልጣሽ ጋ ስንደርስ
ድስቴ ከሰል ላይ ሽሮ ያንተከትካል።
«ባለቤት የሌለው መስሎኝ፣» አለች፣ ሳታፍር።
በላን። ጨው በዝቶበት ነበር።
ድስቱን ትቼላት ወጣሁ።

ምሕረቱ ሚዛኑን በእጅጌው ወልውሎ ጠበቀኝ።
ቦርሳዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤
ቁልፉ በኪሴ፣
በጥርሶቹ መሐል የወጨጫ አፈር።
«ስልሳ አራት፣» አለኝ።
«ያው ነዎት፣ ጋሼ። ምንም አልቀነሱም።»